የካ ሲከፈል የእድሩ መዝገብ

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሚ ኩራ የተባለውን 11ኛ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ቆርሳ ስታቋቁም፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ተቀየረ። የካ አባዶ እንኳ “የካ” የሚለውን ስሙን እንደያዘ ለሚ ኩራ ገባ። ከእንጦጦ ግርጌ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከዚያም ወዲያ አባላት ያሉት አንድ እድር ዝርዝሩን በኮምፒውተር ይዟል እንበል። ክፍለ ከተማው በየአባሉ ስም ትይዩ ተጽፎ ከሆነ ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር እየፈተሸ ማረም አለበት፤ ሁለት ሦስቱን መዝለሉም አይቀርም። ወረዳዎች ከነክፍለ ከተማቸው በራሳቸው ሰንጠረዥ ተቀምጠው አባሉ የወረዳውን መለያ ቁጥር ብቻ ይዞ ከሆነ ግን፣ እንዳለ የተዛወረ ወረዳ አንድ መስመር በማስተካከል ያልቃል። ወረዳው ራሱ ለሁለት ከተሰነጠቀ እርግጥ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ ያም ቢሆን የሚነካው የዚያን ወረዳ አባላት ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዳታቤዝ የሚያቅድ ሰው ነገ ምን እንደሚጨመር ለመተንበይ ከሚደክም፣ ከያዛቸው ነገሮች የትኛው ከሌላው ተነጥሎ ሊለወጥ እንደሚችል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ተወላጅ ኤድጋር ኮድ መረጃን በሰንጠረዦች ከፍሎ በጋራ መለያ ማያያዝን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። የእኛ የእድር ጸሐፊ በኤክሴል ሲጀምር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰፊ ገጽ ያዘጋጃል፦ ስም፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ 1፣ ልጅ 2፣ ልጅ 3፣ ስልክ፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 የመዋጮ ዓምዶች። አራት ልጆች ያሉት አባል ሲመጣ ገጹ ይሰፋል፤ ዓመት ሲለወጥ ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ የ3 ዓመት ውዝፍ ያለበትን ለማወቅ 3 ገጽ ማገላበጥ ግድ ይሆናል። አባል፣ ቤተሰብና ክፍያ የየራሳቸው ሰንጠረዥ ሲኖራቸው አራተኛው ልጅ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው እንጂ አዲስ ዓምድ አይደለም፤ አዲሱ ዓመትም እንዲሁ። መዋጮው ከፍ ሲል ተመኑ ከሚጀምርበት ወር ጋር ለብቻው ከተመዘገበ፣ ያለፈው ውዝፍ በድሮው ሒሳብ፣ የሚመጣው በአዲሱ ይሰላል። ድንኳንና ወንበር ማከራየት ቢጀመር አንድ ሁለት ሰንጠረዥ ይጨመራል፤ የነበረው አይፈርስም።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው መለያው ነው። ስም መለያ አይሆንም፤ አንዱ ኃይሌ፣ ሌላው ሃይሌ፣ ሦስተኛው ሀይሌ ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩም ሦስት ሰው አድርጎ ያየዋል። (ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አኑሮ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት የተጠቃለሉበት ሌላ ዓምድ ለፍለጋ መያዝ ይቻላል።) ስልክ ይቀየራል፤ የቤት ቁጥር ሰፈሩ ሲፈርስ ዋጋ የለውም። የፋይዳ ቁጥር ሰውን ይለያል፤ ግን ሁሉም አባል ላይኖረው ይችላል፣ ያለ በቂ ምክንያትም በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ መቀመጥ የለበትም። እድሩ ራሱ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ይሻላል። ጥቅሙ የሚታየው አባወራው ሲሞት ነው። አባልነቱ ወደ ባለቤቱ ሲተላለፍ፣ መለያው የሟቹ ስም ከነበረ የስንት ዓመት መዋጮ አብሮት ይቀበራል፤ እሷም ትናንት የገባች አዲስ አባል ትመስላለች። አባልነቱ የራሱ ቁጥር ካለው ግን የሚለወጠው ተጠሪው ብቻ ነው። እንዲህ ሲታይ ቅድም “አባል” ብለን ያለፍነው ሰንጠረዥ ራሱ ሁለት ነበር፦ አባልነትና ሰው።

ለ100 አባላት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ዳታቤዝ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ምስል ይቀበል ለነበረው ለእንጦጦው ጣቢያ እንጂ ለእድር አይደለም ይላል። ግማሽ እውነት አለው፤ የአንድ ጉዞ ተመዝጋቢዎችን ለመያዝ ኤክሴል በቂ ነው። የእድር መዝገብ ግን መጠኑ ትንሽ ይሁን እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይሞታል፣ አስተዳደርም ይለወጣል። ችግር የሚፈጥረው የመስመሩ ብዛት ሳይሆን የለውጡ ዓይነት ነው። ወጪም ሰበብ አይሆንም፤ ኤስኪውላይት በነፃ የሚገኝ፣ ዳታቤዙን በሙሉ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። አንድ ጣጣ ግን አለበት፦ በመዝገብ ላይ በሌለ አባል ቁጥር ክፍያ እንዳይገባ የሚከለክለው ቁጥጥር አብዛኛውን ጊዜ ካልከፈቱት በቀር ዝግ ነው፤ ዳታቤዙ በተከፈተ ቁጥር ማብራት ያስፈልጋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው እናስብ የሚሉ አሉ። “ተጨማሪ 1”፣ “ተጨማሪ 2” የሚባሉ ባዶ ዓምዶች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ውሎ አድሮ አንዱ ጸሐፊ ቅጣት፣ ተተኪው የደም ዓይነት ሞልቶባቸው ይገኛል። መነጣጠል ያለበት ዛሬ በእጅ ያለው ነው። ይልቅ ሚዛን የሚደፋው መብራት ይጠፋል፣ ደብተር ግን ሁልጊዜ ይነበባል የሚለው ስጋት ነው፤ ለቅሶ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅምና። ስለዚህ ከየወሩ ስብሰባ በኋላ የአባላቱና የውዝፉ ዝርዝር ታትሞ፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ፈርመውበት ይቀመጥ፤ የፋይሉ ቅጂም ከጸሐፊው ቤት ውጪ በሌላ የኮሚቴ አባል እጅ ይሁን።