የአገዳ ቆርቁር ትልና ጠላቱ ተርብ

የዛሬው ንግግራችን በአዳማ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ በቆሎና ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ስለሚያውቀው ጠላት፣ ስለ አገዳ ቆርቁር ትል ነው።

ትሉ ከእንቁላል እንደወጣ መጀመሪያ ቅጠል ይበላል፤ ቀጥሎ አገዳውን ቦርቡሮ ይገባል። ያን ጊዜ የመሐል ቡቃያው ይደርቃል፤ ያደገውም አገዳ በነፋስ ይሰበራል። አንዴ ውስጥ ከገባ መድኃኒት ቢረጩበት አይደርስበትም። ታዲያ ማን ይደርስበታል?

ኮቴሲያ የምትባል ጥቁር ተርብ ትደርስበታለች። ቁመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የትሉን ቆሻሻ ሽታ ተከትላ በቀዳዳው ትገባና በትሉ ገላ ውስጥ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። አንዳንዴ ትሉ ነክሶ ይገድላታል። ከተሳካላት ግን ልጆቿ ትሉን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ገላውን በስተው ይወጡና ነጭ ድር ለብሰው እዚያው ይከማቻሉ። ትሉም ይሞታል።

ትልልቅ ዘመዶችም አሏት። በሰሜን አሜሪካ ደን የምትኖረው ሜጋሪሳ ከገላዋ በሚረዝም መርፌ ግንድ ሰርስራ፣ እንጨት ውስጥ በተደበቀ ትል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። የእኛዋ ግን መርፌዋ አጭር ስለሆነ ራሷ መግባት አለባት።

ኮቴሲያ የእስያ ተወላጅ ናት፤ በቆላ አገራችን የሚበዛው ቺሎ የተባለው ቆርቁርም እንዲሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከፓኪስታን አስመጥቶ በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለቀቃት። በኢትዮጵያ ማንም ሳይለቃት፣ በዚያው አቆጣጠር በ1999 ማሳ ውስጥ ተገኘች። ድንበር ተሻግራ መጣች ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አገዳ ስትሰነጥቁ ጥጥ የመሰለ ነጭ ክምር ብታገኙ የትል እንቁላል ነው ብላችሁ አትጨፍልቁ፤ የተርቧ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ትሉ ከተደበቀ በኋላ ያለ ባለሙያ ምክር መድኃኒት አትርጩ። ገንዘባችሁ ይባክናል፤ የምትሞተው ተርቧ ናት።

ሦስተኛ፣ ለአጥርና ለማገዶ የምታስቀምጡትን አገዳ ከአጨዳ በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ አንጥፉት፤ ትሉ በሙቀት ያልቃል። አገዳውን በጥላ ሥር አቁሞ የሚቆልል ሰው ለከርሞ የሚሆን ትል እያስቀመጠ ነው።

ተርቧ ብቻዋን ትሉን ጨርሳ አታጠፋም፤ የምትሠራውን ግን ያለ ክፍያ ትሠራለች።

አሁን ሰሌዳችሁን አንሡ። የዛሬው ቃላችን ሦስት ፊደል ነው፦ ተ፣ ር፣ ብ። ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ደኅና ሁኑ።