አንቀልባውን አትውቀሱት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል መጣች። የአቃቂ ቃሊቲ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ልጁ ግን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ተለምኖ ሲያወልቀው ደረቱ መሐል ስኒ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ታየ። እናትየው ቀደመችኝ፤ "ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በአንቀልባ ጥብቅ አድርጌ ሳዝለው ነው የገባው አሉኝ።" ታክሲ ውስጥ የሰማችውንም ጨመረችልኝ፦ ለሕክምና ከሄደ ደረቱን ለሁለት ሰንጥቀው ልቡ ላይ ብረት ይቸነክራሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ዕቃ አያነሳም።

ይህንን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ አሁን ግን ሰልችቶኛል። ሕፃን ሲታዘል ደረቱ የሚያርፈው የእናቱ ጀርባ ላይ ነው። ማዘል ደረት የሚያሰረጉድ ቢሆን በዚህ አገር ደረቱ የቀና ሰው ባልተገኘ ነበር። ነገሩ የአፈጣጠር ነው፤ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በጉርምስና ቁመት ሲመዘዝ ይብሳል። እናትን የሚያስወቅስ አንድም ነገር የለበትም።

ስለ ስሙም ትንሽ ልበል። ሐኪሞች በላቲን ስሙ "ፔክተስ" ይሉታል። "ጎባጣ ደረት" ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ጎባጣ ግን ጀርባ ነው፣ ሰሚውን ወደ አከርካሪ ይወስደዋል። እኔ የገባውን "የተሰረጎደ ደረት"፣ ወደ ፊት የወጣውን "የሾለ ደረት" እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ልምአጥንት። የበግ ጎድን ስትበሉ ጫፉ ላይ ነጭ፣ በጥርስ የሚቆረጠም ነገር ታገኛላችሁ፤ እሱ ነው። ጎድኖቻችንን ከፍርንባ አጥንት ጋር የሚያያይዛቸው እሱ ነው፤ ስንተነፍስ ደረታችን የሚሰፋው እሱ ስለሚለመጥ ነው። በተሰረጎደ ደረት ላይ ግን ይኸው ልምአጥንት አቅጣጫውን ስቶ ፍርንባውን ወደ ውስጥ ይከተዋል። ለብዙ ዓመታት መፍትሔው መቁረጥ ነበር። አሜሪካዊው ማርክ ራቪች እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ደረትን ከፊት ከፍቶ የተበላሹትን ልምአጥንቶች ያወጣና ፍርንባውን ያቀና ነበር። የታክሲው ወሬ ምናልባት የዚያ ዘመን ቅሪት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኖርፎክ ከተማ፣ ዶናልድ ነስ የተባለ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይህንን መቁረጥ ተወው። ያስተዋለው ቀላል ነገር ነው። ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም የሚሠቃዩ አዛውንቶች ደረታቸው ቀስ በቀስ እንደ በርሜል ይነፋል። የሸመገለ ደረት ቅርጹን ከቀየረ፣ የልጅማ እንዴት እምቢ ይላል?

አሠራሩን በእኛ ሰፈር ሙያ ላስረዳ። እዚህ አቃቂ በየግንባታው ፌሮ የሚያጥፉ ወጣቶችን አይታችኋል፤ ልኩን ይለካሉ፣ ቀስ እያሉ ያጥፋሉ፣ ደግመው ይለካሉ። ቀዶ ሐኪሙም ጠፍጣፋውን ብረት በልጁ ደረት ልክ እንደ ደጋን ያጥፈዋል። ከግራና ከቀኝ ጎን፣ ከብብት ዝቅ ብሎ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀደዳል። ቀጭን ካሜራ ይገባል። ብረቱ ከአንዱ ጎን ገብቶ፣ ከፍርንባው ሥር፣ ከልብ ፊት ለፊት አልፎ በሌላው ጎን ይወጣል። ሲያልፍ ጉብታው ወደ ኋላ ነው። ካለፈ በኋላ 180 ዲግሪ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ጉብታው ወደ ፊት ዞሮ፣ ክሪክ መኪናን እንደሚያነሳ፣ ፍርንባውን ከውስጥ ብድግ ያደርገዋል። ጫፎቹ ጎድኖች ላይ አርፈው ይታሰራሉ። ልብ ላይ የሚቸነከር ነገር የለም።

ፌሮ አንዴ ከታጠፈ ታጠፈ ነው። ልምአጥንት ግን ቶሎ ከለቀቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ወጌሻ ስብራቱን በቀርከሃ አስሮ እስኪጠና እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ብረቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቆያል። ልጁ እያደገ ልምአጥንቱ አዲሱን ቅርጽ ይለምዳል፤ ከዚያ ብረቱ ይወጣል። ዕቃ አለማንሳት የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥንቃቄ እንጂ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። ነስ የ10 ዓመት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያሳትም እንዲህ የታከሙ 42 ልጆችን ውጤት አቅርቧል።

ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ግን ብርቱ ነው። ብረቱ ሊንሸራተት ይችላል። ልብ የተጎዳበት አጋጣሚም፣ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ አለ፤ ነስ ሲጀምር ያልነበረው ካሜራ በኋላ የተጨመረው ለደኅንነት ነው። ሁሉም ልጅም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። በሲቲ ስካን የደረቱ የውስጥ ስፋት ከፍርንባ እስከ አከርካሪ ላለው ርቀት ይካፈላል፤ ለምሳሌ 26 ሴንቲ ሜትር ለ6.5 ሲካፈል 4 ይሆናል። ጤናማው 2.5 አካባቢ ነው፤ ከ3.25 በላይ ሲሆን ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀመራል። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ የልጁ ትንፋሽ፣ የልቡ ሁኔታና የራሱ ስሜትም ይታያሉ።

በእኔ ሙያ ላይ ያለውን ክርክርም አልደብቅም። ስፖርት የገባ ፍርንባ ያወጣል የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት። እንቅስቃሴ የጎበጠ ትከሻን ያቀናል፣ ትንፋሽን ያግዛል፣ ልጁ አንገቱን ቀና እንዲያደርግ ይረዳዋል፤ አጥንቱን ግን አያነሳም። ለሾለ ደረት ከውጭ የሚገፋ ቀበቶ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከታሰረ በብዙ ልጆች ይሠራል። ለተሰረጎደው በአየር የሚስብ መሣሪያ አለ፤ ልምአጥንቱ ገና ለስላሳ በሆነ ልጅ ውጤት ያሳያል፣ እንደ ነስ ብረት ግን ጥልቁን ጉድጓድ ያነሳል ብዬ አልምልም።

ስለ ደረት ከሚወራው ውስጥ ወደ እውነት የተጠጋ አንድ ነገር አለ፦ "ፀሐይ ያላገኘ ልጅ ደረቱ ይበላሻል" የሚለው። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ሪኬትስ ይባላል። በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት ሲለሰልስ ሕፃኑ አየር በሳበ ቁጥር ጎድኖቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ሳንባውም በደንብ አይነፋም። በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሯል፦ ሪኬትስ ከታመሙት 42 በመቶ፣ ካልታመሙት 4 በመቶ ላይ ተገኘ። ይህ ብረት አይሻም፤ ፀሐይና መድኃኒት ይሻል። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በመስኮት መስታወት የምትገባ ፀሐይም አትበቃም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ለ13 ዓመቱ ልጅ ወደ ደረት ቀዶ ሐኪም የሚወስድ ሪፈር አጻፍንለት። ቤታችሁ በሙቀት ጃኬቱን የማያወልቅ ልጅ ካለ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፣ ደረቱን እዩት፣ ልምአጥንቱ ሳይጠነክር ለሐኪም አሳዩት። ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሳይሆን በሩን ከፍታችሁ ውጭ ፀሐይ አሙቁት፤ ማዘሉንም ቀጥሉ።