ከብት የማይነካው አዳኝ ዝንብ

በገዳሪፍ ክፍል በራሃድ ወንዝ ዳር የምትገኘው የሀዋታ ከተማ ዙሪያዋ የዋልካ ሜዳ ነው። ራሃድ በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ የሚባለው ወንዝ ነው። በክረምት ሜዳው ሣር ሲለብስ ልዩ ልዩ ዝንብ ይበዛል። ይሁን እንጂ ዝንብ ሁሉ የከብት ጠላት ስላልሆነ ጎጂውን ከማይጎዳው ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ደም የሚመጠው ዝንብ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ አካሉም ደልዳላ ነው። ደም የምትመጠው ሴቲቱ ብቻ ስትሆን፣ ሱራ የተባለውን የግመል በሽታ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ታስተላልፋለች። የዚህን በሽታ ተውሳክ ግሪፊዝ ኢቫንስ የተባለው የእንስሳት ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 በህንድ አገር አገኘው።

ሁለተኛው ወገን በሊቃውንት ዘንድ አሲሊዴ ይባላል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም ቀማኛ ዝንብ ማለት ነው። በዓለም ከ7,000 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። አናቱ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የጎደጎደ ነው፤ ፊቱ ጢም ያለው ይመስላል፤ እግሮቹም ረጃጅምና ሻካራ ጠጉር ያለባቸው ናቸው። ብዙዎቹም ወደ ጅራታቸው እየቀጠኑ ይሄዳሉ።

ይህ ዝንብ በሣር ጫፍ ወይም በገላጣ መሬት ተቀምጦ ያደባል። ፌንጣ፣ ጥንዚዛ ወይም ሌላ ዝንብ ሲያልፍ ተወርውሮ ይይዘውና በጠንካራ አፉ ይወጋዋል። ምራቁ የተያዘውን አደንዝዞ ውስጡን ስለሚያቀልጠው እንደ መጠጥ ይመጠዋል። ትሎቹም በአፈር ውስጥ የሌሎችን ነፍሳት ትሎች ይበላሉ። በአፍሪካ ሣር ሜዳ ከሚገኙት ወገኖች አንዱ ፕሮማኩስ ሲሆን፣ ትርጓሜው በግሪክ ቋንቋ «በግንባር የሚዋጋ» ማለት ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን በዕፀዋት ላይ ጥላ እንደ ኖራ በነጣ ነገር ትሸፍነዋለች።

ሆኖም ፍጹም ጉዳት የለበትም አይባልም፤ ንብ ስለሚያድን ቀፎ ያለውን ሰው ያስቀይማል፤ በእጅ የጨበጠውንም ይነክሳል። ነገር ግን የሰውም ሆነ የከብት ደም ምግቡ አይደለም።

ዓይነቱን በትክክል ለማወቅ ብዙ ጊዜ የወንዱን የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ናሙና የሚያቀርብ ሰው ዝንቡን አድርቆ፣ በመርፌ ሰክቶ፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ለእርሻ ባለሙያ ይስጥ። የተባይ መድኃኒት ከመርጨት አስቀድሞ ዝንቡ ከከብቱ ላይ ወይስ ከሣሩ ላይ እንደተገኘ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ሳይለዩ የረጩ እንደሆነ ጠላትን ከረዳት ጋር አብሮ መግደል ይሆናል።