የአሥር ማይሉ ክብ

ከዋሽንግተን 45 ማይል ያህል ርቆ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ካልቨርት ክሊፍስ የሚባል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አለ። በአሜሪካ ሕግ፣ በእንዲህ ያለ ማመንጫ ዙሪያ እስከ 10 ማይል ድረስ ለሚኖረው ሕዝብ የመልቀቂያ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። እስከ 50 ማይል ያለው ሰፊው ክብ የሚመለከተው ወተትን፣ አትክልትንና የመጠጥ ውኃን ነው። ዋሽንግተን ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በዚህኛው ውስጥ ነው።

ክቦቹ በሕግ የጸኑት እ.ኤ.አ. በ1979 በፔንሲልቬኒያ ከደረሰው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በኋላ ነው። ያኔ አገረ ገዥው በ5 ማይል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት ቢወጡ ይሻላል አሉ። ምክሩ የሚመለከተው ጥቂት ሺህ ሰው ነበር፤ የወጣው ግን ከ100 ሺህ በላይ ሆነ።

ስለዚህ በማመንጫው ዙሪያ ያለው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ «ሽሹ» ማለቱ አይደለም፤ «ሬዲዮ ክፈቱ» ማለቱ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ነፋሱ ነው። በመጀመሪያ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በ2 ማይል ዙሪያ ያሉትና ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ እስከ 5 ማይል ያሉት ናቸው። ሌላው በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ይቆያል፤ መንገድ ተዘግቶበት መኪና ውስጥ ከሚቀመጥ ሰው ይልቅ ግድግዳ የከለለው ይሻላልና። የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒንም አለ፤ የሚከላከለው ግን የታይሮይድ ዕጢን ብቻ፣ ያውም ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ በቀጥታ ወደ መቀበያ ጣቢያ ይወሰዳሉ፤ ወላጅ ልጁን ሊያመጣ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይሄድ ይነገረዋል። ለእናትና ለአባት ከዚህ የከበደ ትእዛዝ አላውቅም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ራሱን ችሎ መውጣት የማይችለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስ የመልቀቂያው ክልል በአንድ ቀን ውስጥ ከ3 ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሰፋ። ፉታባ ሆስፒታል የተኙ አረጋውያን የሚወስዳቸው አጥተው ቀናት ቆዩ፤ የወጡትም ያለ በቂ ሐኪም ለብዙ ሰዓታት በአውቶቡስ ተጓዙ። ከ40 በላይ ሕሙማን ሞቱ። የገደላቸው ጨረር አልነበረም፤ ብርዱ፣ የውኃ ጥማቱ፣ የሕክምናው መቋረጥ ነበር።

በአሜሪካ ማመንጫዎች አጠገብ ለሚኖሩ ቤተሰቦች በየዓመቱ በፖስታ የሚላክ መረጃ አለ። ከእሱ ጋር ተሞልታ የምትመለስ ካርድ ትመጣለች፦ መኪና የሌለው አለ? መራመድ የማይችል፣ ጆሮው የማይሰማስ? አምቡላንሱ የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚታወቀው ከዚያች ካርድ ነው።