ፍላሽ እንደ እርሾ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሮቹ በማግሥቱም ተነሥተዋል፣ ጽፈዋል፣ አትመዋል፤ የቀረው አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው እጅ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣ ይፈልጋል። ስምንተኛው ትውልድ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ ቀድሞ የተሠራው አብዛኛው ማሽን ከደጅ ይመለሳል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ዋናው መንገድ ላይ ባለችው በአዲስ ቅዳምም ሆነ በሌሎች የአዊ ከተሞች፣ ደህና የሚሠራ ማሽን ለዚህ ብሎ መጣል የሚያዋጣ አይደለም። ያለውን ማሽን ሊኑክስን በመሰለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማቆየት ይቻላል፤ ለዚህም ከተማው በጋራ የሚያምነው አንድ ንጹሕ ቡተብል ፍላሽ ከብዙ ወጪ ይበልጣል።

ቡተብል ፍላሽ በመልኩ ከተራው አይለይም። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በድሮዎቹ ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሥራው ማሽኑን የሚያስነሣው ፋይል የት እንዳለ በተሰጠው ቅደም ተከተል መፈለግ ነው። ዘወትር ሃርድ ዲስኩ ላይ ያገኘዋል፤ ማሽኑ ሲበራ በብዙ ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ 12ን፣ በብዙ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ሲጫኑ ግን ከፍላሹ እንዲያስነሣ ማዘዝ ይቻላል። ለዚህ እንዲበቃ የወረደውን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ዘፈን ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ያን ጊዜ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይጠይቃል፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የሊኑክስ ሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው።

የሊኑክስ ጭነት ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልገው ፋይሉን ለማውረድ ብቻ ነው። አንዴ የወረደው አሥር ማሽን ላይ ቢጫን አሥር ጊዜ ፓኬጅ አያስገዛም። ጎረቤት ከጎረቤት እርሾ እንደሚዋሰው ነው፤ የሰጠም አይጎድልበትም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ደግሞ ለማንም ቢገለበጥ ሕጋዊ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጅ ካኖኒካል እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ነገር ግን የተበላሸ እርሾ ሊጡን ሁሉ ያበላሻል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መቆለፊያው ሲሰበር ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የሰበረው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከአዘጋጁ ከራሱ መውረድ፣ አዘጋጁ ካወጣው ባለ 64 ሆሄ የሻ 256 መለያ ጋርም መመሳከር አለበት። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጊዜውን ለግለሰቦች አራዝሟል የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ግን የተራዘመው ለአንድ ዓመት ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 ግን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። ሰው የለመደው ዊንዶውስን ነው የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የሂሳብ ፕሮግራም ወይም ሊኑክስ የማያውቀው ፕሪንተር ያለበት ቢሮ መቸኮል የለበትም። ቢሆንም እህል ገዢ ዘግኖ እንደሚያየው ሁሉ ሊኑክስም ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሹ ተነሥቶ ይሞከራል፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራታቸው ቀድሞ ይታያል። ፊደሉም አያስጨንቅም፤ አማርኛም አዊኛም የሚጻፉበት የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ግን ያንኑ ፎንት ይፈልጋል።

ትልቁ ስጋት የፋይል መጥፋት ነው፤ ይህ ስጋት ተገቢ ነው። ዲስኩን አጥፍቶ የመጫን ምርጫ ላይ ከተስማሙ በኋላ የቤተሰብ ፎቶም የተማሪ ውጤትም ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። አስቀድሞ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ከጭነቱ ሥራ አንዱ ክፍል እንጂ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ግን ፍላሹ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ብዙውን ጊዜ ጭነቱን እንደገና መጀመር ይበቃል። እርሾው ስላልተነካ ሊጡ እንደገና ይቦካል። እንዲህ ያለው ፍላሽ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ጥገና ቤት፣ የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት፣ ለሌላ ሥራ ሳይውል ቢቀመጥ ለተዋሰው ሁሉ ይደርሳል።