ለቀላል መኪና ትልቅ ፍሬን ያስፈልጋታል?

እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ ማዝዳ በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ኤምኤክስ-5ን ሲያቀርብ፣ ሌሎች አምራቾች ችላ ያሉትን ትንሽ የስፖርት መኪና ወደ ገበያ መለሰ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የጨርቅ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በጥቂቱ የሚያንስ መኪና ናት። አሜሪካኖች ሚያታ ይሏታል። የመጀመሪያው ትውልድ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጃፓን የውድድር ትራኮች ላይ አሁንም ይሮጣል። ባለቤቷ ከመጀመሪያው የትራክ ቀን ማግስት የሚመኘው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በቸርኬው ክፍተት ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ካሊፐር። ካሊፐር የፍሬን ሸራዎቹን አቅፎ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው አካል ነው። በእኔ ሚዛን ትልቁ ካሊፐር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የፍሬን ሥራ የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከነጂዋ ጋር አንድ ቶን የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስትወርድ 740 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ትፈጥራለች። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ከጉልበቷ ሦስት አራተኛው ይሄዳል። ይህ ሙቀት በሙሉ 10 ኪሎ ብረት ውስጥ ቢገባ፣ አንድ ጊዜ ፍሬን መያዝ ብቻውን ብረቱን በ160 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ አያያዝ እምብዛም አያጋጥምም፤ ትራክ ላይ ግን በየዙሩ ይደጋገማል፣ ዲስኩም ሳይበርድ ቀጣዩ ኩርባ ይደርሳል። የዓባይን በረሃ በከባድ ማርሽ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገሩን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መኪናዋ እንመለስ። የ1.6 ሊትሯ የፊት ዲስክ 235 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ነው፤ የኋላው 231 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጤነኛ ከሆነና ፔዳሉን በኃይል ከረገጣችሁት ጎማው ይቆለፋል። ጎማ ተቆለፈ ማለት ፍሬኑ ከጎማው ጉልበት በላይ አለው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋን የሚይዛት ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። ስለዚህ ትልቅ ካሊፐር የመጀመሪያውን አያያዝ በአንድ ሜትር እንኳ ላያሳጥረው ይችላል። ችግሩ ያለው ከብዙ ዙር በኋላ ነው።

የጋለ ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል፤ ልዩነታቸውን ማወቅም ገንዘብ ያተርፋል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን አልቆም ካለች፣ ሸራው ከሚችለው ሙቀት አልፏል። ፔዳሉ ልል ሆኖ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ የፍሬኑ ዘይት ፈልቷል፤ በመስመሩ ውስጥ የተፈጠረው እንፋሎት ሲጫኑት ይጨመቃልና ግፊቱ ካሊፐሩ ጋ አይደርስም። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፤ መድኃኒቱ ግን ከሁሉም ርካሹ ነው።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። ደረጃው እንደሚጠይቀው ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲገባበት ይህ ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ለውድድር የሚሠሩት ከ300 ዲግሪ ያልፋሉ። ዶት 5 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ጥሩ ዘይት ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋ ውስጥ ማቆየት ዋጋ የለውም፤ ለትራክ የምትወጣ መኪና ዘይቷ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

ቀጥሎ ሸራው ነው፤ ከዘይቱ ጋር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። የከተማ ሸራ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይይዛል፣ ሲግል ይለቃል። የውድድር ሸራ ተቃራኒው ነው፤ ካልሞቀ አይነክስም፣ ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል። እየነዱ ወደ ትራክ ሄደው እየነዱ ለሚመለሱ መሃለኛው ዓይነት ይሻላል። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ አምራቹ የጻፈውን የሙቀት ክልል አንብቡ። አዲስ ሸራ እንደተገጠመ በአንድ ጊዜ አይጨከንበትም። መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ፣ ደጋግሞና ቀስ በቀስ እያጠነከሩ ፍሬን በመያዝ ከዲስኩ ጋር ማላመድ፣ ከዚያም ማብረድ ያስፈልጋል።

ያረጀ መኪና መሆኗንም አንርሳ። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ዝጎ ተጣብቆ ከሆነ፣ የፒስተኑ ጎሚኒ ከደረቀ፣ የላስቲክ ቱቦው ከተሰነጠቀ የትኛውም ውድ ሸራ አያድናትም። ይህ ጥገና እንጂ ማሻሻያ አይባልም፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ለዚህ ይመስለኛል። በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ፔዳሉን ያጠነክረዋል፣ ሙቀትን ግን አይቀንስም። ሙቀትን የሚቀንሰው ከፊት መከላከያው ተነሥቶ የዲስኩን መሃል የሚመታ የአየር ቱቦ ነው። አየሩ የዲስኩን አንድ ፊት ብቻ ቢመታ ብረቱ እኩል አይበርድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍሬኑ ከጋለ ዲስክ ማሳደግ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ከማዝዳ ዕቃ መደርደሪያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ለ1994 የመጣችው 1.8 ሊትሯ ዲስኮቿ 255 እና 251 ሚሊ ሜትር ናቸው። በቀድሞዋ ላይ ለመግጠም ከዲስኩ ጋር የካሊፐሩን መያዣና ሸራውን መለወጥ ይበቃል። ከኋለኛው ትውልድ አንዳንዶቹ 270 እና 276 ሚሊ ሜትር ያላቸውን ይዘዋል፤ እነዚህ ግን ቢያንስ 15 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋሉ። ዲስኩ የተበሳሳ ባይሆን ይመረጣል፤ ትራክ ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ነውና።

የፊቱን ብቻ አሳድጎ የኋላውን መተው ግን አይመከርም። የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ የኋላው ሥራ ይፈታል፣ መቆሚያውም ይረዝማል። ትልቁ ካሊፐር የሚያመጣው ጣጣም ይኸው ነው፤ ፒስተኑ ሰፊ ከሆነ ሚዛኑን ያዛባል፣ ፔዳሉንም ያወርዳል። በአሜሪካ ስፔክ ሚያታ የሚባለው የውድድር ምድብ መኪኖቹን በፋብሪካ መጠን ካሊፐር ያወዳድራል፤ ሸራውን ግን ተወዳዳሪው ይመርጣል። ሞተሯ ቱርቦ ካልተጨመረበት፣ ጎማዋም ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ ካልሆነ፣ ለካሊፐር ያሰባችሁትን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለአሠልጣኝ ክፈሉት።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ፤ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳታበዙ በዝግታ ንዱና ዲስኩን አብርዱት። ስታቆሙም የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ በዚህች መኪና የሚጨብጠው የኋላውን ዲስክ ነውና የጋለ ሸራ እዚያው ተጣብቆ አሻራ ይተውበታል። ማርሽ አስገቡና ጎማዋን በታኮ ያዟት።