ፍም ያለ ጭስም ይገድላል
በደጋ ቤቶች ስለሌሊት እሳት አጠባበቅ

እሳት ለሰው ልጅ ታላቅ ባለውለታ ነው። ምግቡን ያበስልለታል፤ ብረቱን ያቀልጥለታል፤ በብርድ ሌሊትም ቤቱን ያሞቅለታል። ይሁን እንጂ ይኸው ባለውለታ ጥበቃው በላላ ጊዜ የዕድሜ ልክ ንብረትን በአንድ ሌሊት አመድ የሚያደርግ፣ ቤተሰብንም ከነሕይወቱ የሚነጥቅ ኃይል ነው። በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለችው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ የደጋ ቦታዎች ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ሲወርድ፣ የከሰል ማንደጃ ከደጅ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። የአደጋውም መንገድ የሚከፈተው በዚሁ ጊዜ ነው።

አደጋው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ነበልባል ነው፤ ይታያል፣ ይሰማል፣ ጎረቤትንም ያስጮኻል። ሁለተኛው ግን የማይታይና የማይሸት በመሆኑ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ይኸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው።

ከሰልም ሆነ እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይህን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ። የፈረንሳዩ የሥነ ሕይወት ሊቅ ክሎድ በርናር ጋዙ የደምን ኦክስጅን የመሸከም ችሎታ እንደሚነሣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ገልጦ ነበር። ነገሩ በሳይንስ ከታወቀ ከ160 ዓመታት በላይ ቢያልፉም በየብርዱ ወራት ሰው ዛሬም በከሰል ይሞታል።

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት «ጭሱ አልቋልና አይጎዳም» የሚለው የተሳሳተ እምነት ነው። ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥላል፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ቀይ ፍም ሲሆን ግን ደኅና ሆኗል ብሎ ያስገባዋል። ዳሩ ግን ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ቢጠፋም ገዳዩ ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም። እንዲያውም በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ የበሩም ሥር በጨርቅ ተወትፎ የክፍሉ ኦክስጅን እያነሰ ሲሄድ የጋዙ መጠን እየጨመረ ይሄዳል። ማንደጃው አጠገብ ውኃ ማኖር ጋዙን አይቀንሰውም። ጋዙ ከአየር ጋር ስለሚደባለቅም አልጋ ላይ መተኛትም ሆነ መሬት ላይ መተኛት አያድንም።

በአንዲት ክፍል የሚኖር ቤተሰብ በሩን የሚዘጋው ብርዱንና ሌባውን ፈርቶ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ የሚመከረው ብርዱን ዝም ብሎ መቀበል አይደለም። ማታ በሩ ወይም መስኮቱ ገርበብ ብሎ ቤቱ ይሙቅ፤ ከመኝታ በፊት ግን ማንደጃው ከነፍሙ ይውጣ፤ አየሩም ጥቂት ይለወጥ፤ በሩ የሚዘጋው ከዚህ በኋላ ይሁን። ለአራስና ለሕፃን ቤት ይህ ትእዛዝ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ጋዙ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንንና የልብ ሕመምተኞችን ፈጥኖ ይጎዳልና ነው። አልጋን ለማሞቅ ሙቅ ውኃ በሚገባ በተከደነ ዕቃ አድርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በብርድ ልብሱ ሥር ማኖር ከፍም የተሻለ ነው።

ነበልባሉን በሚመለከት «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች አነጋገር በቂ መመሪያ ነው። ማንደጃና ምድጃ ከመጋረጃ፣ ከአልጋ ልብስና ከሣር ክዳን ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ ልጆች በማይደርሱበትና በማይገለበጥ ቦታም ይቀመጡ። እሳት ለማቀጣጠል ቤንዚንም ሆነ ላምባ አይፈሰስበት። የጭስ መውጫ ቱቦ ያለው የእንጨት ምድጃ ባለበት ቤት የሚነደው እንጨት በሚገባ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት በቱቦው ውስጥ የሚቀጣጠል ጥላሸት ያከማቻልና። ቱቦውም በየጊዜው ይጠረግ። ረመጥ በአመድ ውስጥ ተዳፍኖ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ አመዱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ሆኖ ከቤት ውጭ ይቀመጥ እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በካርቶን አይጣል።

በቤት ውስጥ እሳት እያለ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ከአንድ በላይ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ጋዙን መጠርጠር ይገባል። ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ደጅ ይውጣ። ራሱን የሳተ ካለ በርና መስኮት ተከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ሳይዘገይም ሐኪም ቤት ይድረስ፤ ዋናው መድኃኒት ኦክስጅን ነውና። አዳኙም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከቆየ ራሱ ተጎጂ እንደሚሆን አይዘንጋ። ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፈን። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይቀዝቅዝ፤ ቅቤ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየቤቱ አንድ ኃላፊ መመደብን ነው። ከመኝታ በፊት ማንደጃው መውጣቱን፣ ረመጡ መጥፋቱን፣ መስኮቱም መከፈቱን የሚያይ ሰው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ ዛሬ ማታ ይወስን። በተኙ ሰዎች መካከል ያደረ ፍም ጠባቂ የለውም፤ የተኛም ሰው ራሱን ሊጠብቅ አይችልም።